ሰማያዊ አበባ ያለባት ሳህን

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ቦንጋ ዝናቡ አላባራም፤ ቡናው ግን ጥሩ ይዟል።

ልጄ፣ ሰማያዊ አበባ ያለባትን የእናትሽን ሳህን የሰበርሻት አንቺ አይደለሽም። እኔ ነኝ። ትንሽ ልጅ ሆነሽ “አልነካኋትም አባዬ” እያልሽ ስታለቅሺ የገረፍኩሽ እውነቱን እያወቅኩ ነው። በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት።

ዛሬ ምን አስታወሰህ ትዪኝ ይሆናል። በቀደም ደውለሽ ስለምትማሪው ስለ ሮማና ስለ መካከለኛው ዘመን ገበሬ አጫወትሽኝ። የሮማ ባለርስት ባሪያውን ከበሬውና ከማረሻው ጋር እንደሚቆጥረው፣ በኋላ ዘመንም ገባሩ ከመሬቱ መነቀል እንደማይችል፣ እህሉን እንኳ በጌታው ወፍጮ ካልሆነ እንደማያስፈጭ። እኔም ከንፈሬን መጠጥኩ። ከዚያ “አባዬ፣ እኛ ጋስ ሰው ከሰው የሚለይበት ነገር አለ?” አልሽኝ። “ኧረ የለም! ሁላችንም አንድ ነን” አልኩሽ። “እሰይ፣ ክፍል ውስጥ ሳቀርብ አባቴ እንደነገረኝ ብዬ እናገራለሁ” ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ ጸሎት ላይ ስቆም አፌ ይተሳሰራል።

ግዛቸውን ታውቂዋለሽ፤ ቡናችንን የሚያርምልን፣ እንሰታችንን የሚተክልልን። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ግን አንቺም እኔም ጋሽ ብለነው አናውቅም። ማንጆ ነው፣ ዘሩ ከኛ ጋር ማዕድ አይቆርስም ብዬ ከደጃፌ እንዳያልፍ ከልክዬ፣ ምግቡን በኮባ ቅጠል አጥሩ ስር ነበር የማስቀምጥለት። እሱ የበላበት ዕቃ ወደ ቤት አይመለስማ! እሑድ ከሕዝቡ ጋር ከአንድ ጽዋ እየተቀበልኩ፣ ሰኞ እንዲያ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከማሳ ስመለስ እናትሽ በዚያች ሳህን ቆጮ በጎመን አቅርባለት፣ ጓዳ ተቀምጦ ሲበላ ደረስኩ። ከእጁ ነጥቄ ደጅ ድንጋዩ ላይ ከሰከስኳት። እትዬ ላቀች ከጎረቤት “ምን ተሰበረ?” ሲሉ ማንጆ ቤቴ መብላቱ እንዳይታወቅብኝ አፌ ያንቺን ስም ጠራ። አንዴ ካልኩ በኋላ ለማስመሰል ገረፍኩሽ። እናትሽ ከዚያ ቀን ጀምራ እስከ ዕለተ ሞቷ ጓዳ ውስጥ በኮባ ቅጠል ስትበላ ታስታውሻለሽ፤ ስትጠይቂኝ “ልማዷ ነው” እልሽ ነበር።

ትናንት ግዛቸውን፣ ና ግባ፣ ምሳ እንብላ አልኩት። ሳቀብኝ። “ምነው ጌታው፣ ቅጠል ተወደደ እንዴ?” አለኝ። ስለ ሳህኗ ስጀምርለት ሳቁን ተወ። “ያን ዕለት ካስወጡኝ በኋላ አጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር። የልጅቷ ለቅሶ አሁንም ይሰማኛል። ለኔ ምን ይነግሩኛል? ለሷ ይንገሯት። ሳይጽፉላት አልገባም” ብሎኝ ወደ ማሳው ተመለሰ።

ይኸው ነገርኩሽ። ክፍልሽ ፊት ስትቆሚ፣ አባቴ ዋሽቶኝ ነበር በይ። ቅር አይለኝም። አፌን ሞልቼ ይቅር በዪኝ ለማለት ግን ገና አልደፈርኩም።

የእናትሽ ጸሎት አይለይሽ፤ ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ

ደብዳቤውን ሳላሽግ፦ ዛሬ እዚህ ድረስ ያለውን አጥሩ ስር ቆሜ ለጋሽ ግዛቸው አነበብኩላቸው። እግራቸውን ታጥበው ገቡ። በሩን አልዘጋሁም። እትዬ ላቀች በአጥሩ በኩል አይተውን ፊታቸውን አዞሩ። በአንድ ሳህን በላን። ሲሄዱ ሳህኑን አጥቤ ከሌሎቹ ጋር መለስኩት።