የበረኛው ልጅ የት ገባ

ግንቦት 11 ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ነሽ ብዬ ለመጠየቅ ዓይኔን በጨው ማጠብ ሊኖርብኝ ነው። ይሁን፣ ታጥቤያለሁ። እንደምን ነሽ? አራት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ያልጻፈልሽ አባትሽ ነኝ። ካለፈው ዓርብ ጀምሮ ክው ብዬ ቀርቻለሁ። ውኃ ልጠጣ ብርጭቆ አነሳና ለምን እንዳነሳሁት ይጠፋኛል።

እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ዳቦ ለመግዛት ሲሆን ግን ትበራለች። ዳቦ ልግዛ ብላ ወጥታ ጥግ ላይ ቆማ ካንቺ ጋር በስልክ እንደምታወራ ካወቅሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ዳቦውን እበላለሁ። አሁንም የምጽፈው ለማን እንደሆነ ገብቷታል፤ እንዳልገባት ሆና ሻዩን አጠገቤ አስቀምጣልኝ ወጣች።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። የነጻ አውጪውን አሟሟት ልጅ ሳለሽ በቃልሽ ትይው ነበር፤ ትኬት መቁረጫው ሥር ተቀምጠሽ ከእኔ እኩል እያነበነብሽ ጎብኚውን ታስቂ ነበር። ዛሬ ግን እኔ የጨመርኩትን ካልጨመርኩት እየለየሁ ልንገርሽ። እርግጠኛ የሆንበት ይህን ያህል ነው፦ ነጻ አውጪው እኔ በማስጎበኘው በዚያ ቤት ላይኛው ክፍል ተኝቶ ነበር። ጎህ ሲቀድ ገዳዮቹ መጡ። በረኛው መቀርቀሪያውን ስቦ ከፈተላቸው። በሦስተኛው ቀን በረኛው ራሱ ተሰቀለ። በቃ፣ ይኸው ነው። ፈገግ ብሎ ከፈተላቸው የምለው የእኔ ነው። «ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ሰባተኛዋ ደረጃ ሲጢጥ ትላለች» አላቸው የምለውም የእኔ ነው። ያቺ ደረጃ የተሠራችው እሱ ከሞተ ከሃያ ዓመት በኋላ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሰው ደረጃዋን ረግጦ ሲጢጥ ስትልበት ፊቱ እንዴት እንደሚለዋወጥ ብታዪ! ሠላሳ አንድ ዓመት በዚያች ደረጃ ኖርኩባት።

ከደረጃው በኋላ ወደ መስኮቱ እወስዳቸዋለሁ። «ያ ነጭ አንሶላ የተሰጣበት ግቢ ይታያችኋል? የበረኛው ዘር እስከ ዛሬ እዚያ አለ» እላቸዋለሁ። ይህን ከእኔ በፊት የነበረው አስጎብኚ ነው የነገረኝ። እሱ ከማን እንደሰማ ጠይቄው አላውቅም። መጨረሻ ላይ ግቢ አወርዳቸውና ውኃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ «ይህን ጉድጓድ የቆፈረው የአያቴ አባት ነው» እላለሁ። አንዳንዱ ያጨበጭብልኛል። ቆፋሪው አንድ ዓይና ነበር፤ ነጻ አውጪው ከዚያ ጉድጓድ ውኃ ጠጥቷል፤ እኛም የቆፋሪው ቤት ሰዎች ተብለን ተከብረን ኖርን።

አንቺ የዚያን አንሶላ የተሰጣበት ግቢ ሰዎች፣ የልብስ አጣቢዎቹን ልጅ ላግባ ስትይ ምን እንዳልኩ መድገም አልፈልግም። ግን ካልደገምኩት ደብዳቤው ውሸት ይሆናል። «የበረኛውን ደም ቤቴ አላስገባም» አልኩ። «ካገባሽው በዚህ ቤት ስምሽ አይነሳም» አልኩ። ባልሽ (ይኸው ጻፍኩት፤ እስከ ዛሬ «ያ መነጽር ሠሪ» ነበር የምለው) ደጃፌ ላይ ቆሞ ሳለ ነው ያልኩት።

እንግዲህ ዓርብ። የድሮው ፍርድ ቤት ሕንፃ ሊፈርስ ነው ተብሎ ዕቃው ሲወጣ፣ ምድር ቤቱ ውስጥ በሸራ የተጠቀለለ የምርመራ መዝገብ ተገኘ። የነጻ አውጪው ግድያ ምርመራ! ሁላችንም ተቃጥሏል ብለን ተስፋ የቆረጥንበት። አንዲት ተመራማሪ ይዛው መጣች። የዚያ ዘመን ጸሐፊ እጅ የዶሮ ጭረት ነው፤ ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። ኃላፊያችን፣ ተመራማሪዋና ትኬት ቆራጯ ጠረጴዛውን ከበው ቆሙ። መነጽሬን ጠርጌ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ድምፄን እንደ ጉብኝቱ አሳምሬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የበረኛው ቃል መጣ። «ስለ ምን ከፈትክ ቢባል ዝም አለ። ሁለተኛ ቢጠየቅ ዝም አለ። ሦስተኛ ቢጠየቅ ዝም አለ።» ትኬት ቆራጯ «ታዲያ ፈገግታው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት።

ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «የተሰቀለውን በረኛ ሬሳ የሚያነሳ ታጥቶ ሁለት ቀን ዋለ። በሦስተኛው ቀን አጣቢዋ የራሷን አንሶላ አምጥታ ገንዛ አስቀበረችው። ዘመዱ ነሽን ብትባል አይደለሁም፣ ሰው ነኝ አለች።» ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ጣቴን የቀሰርኩባቸው ሰዎች አንሶላ ከመስጠት ሌላ የሠሩት ነገር የለም።

ገጹን ገለጥኩ። «በረኛው ሚስቱ ሞታበታለች። ሰባት ዓመት የሆነው አንድ ወንድ ልጅ ብቻ አለው። ሕዝቡ ልጁን እንዳይገድለው ተፈርቶ፣ አንድ ዓይናው ጉድጓድ ቆፋሪ፣ ልጅ የለኝምና ስጡኝ ብሎ ወሰደው። ከዛሬ ጀምሮ የቆፋሪው ልጅ ተብሎ ይጠራ። የልጁ መለያ፦ የቀኝ እግሩ ጣት ስድስት ነው።»

ልጄ፣ ይህን ጮክ ብዬ አላነበብኩትም። ዓይኔ ብቻ አነበበው። ጫማዬ ውስጥ ስድስተኛዋ ጣቴ ራሷን ስታጥፍ ተሰማኝ። የአያቴ ጣት፣ የአባቴ ጣት፣ አንቺም ስትወለጂ አዋላጇ ቆጥራ ቆጥራ «ይቺ ልጅ ትርፍ ይዛ መጣች» ያለችባት ጣት። አያቴ ለቆፋሪው አንድ ልጁ ነበር። አንድ ለእናቱ! ሌላ የምሸሽበት ወንድም እንኳ የለውም።

«ምን ይላል?» አለች ተመራማሪዋ።

«ቀለሙ ለቋል፣ አይነበብም» አልኳት።

«አይነበብም» ብላ ጻፈች። በሕይወቴ ብዙ ጨምሬያለሁ፤ የነበረን ነገር ስደብቅ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ከሰዓት በኋላ የነበረኝን ጉብኝት አሞኛል ብዬ ተውኩት። አላበልኩም፣ እውነትም አሞኝ ነበር።

ቅዳሜ ከአልጋ አልተነሳሁም። እናትሽ ግንባሬን ዳብሳ «ትኩሳት የለህም፣ ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እሑድ ረፋድ ላይ ግን ተነስቼ፣ ኮቴን ለብሼ ወደ አጣቢዎቹ ቤት ሄድኩ። ከመስኮቱ አሻግሬ ለስንት ሺህ ሰው ያሳየሁት ቤት! ደጁን አንድ ቀን ረግጬው አላውቅም። ለካስ በሩ አረንጓዴ ነው።

የባልሽ እናት አንሶላ ትተኩስ ነበር። ስታየኝ አልደነገጠችም።

«ይግቡ እንጂ፤ እዚያ ቆመው ያጠብኩትን ሊረግጡብኝ ነው» አለችኝ።

ገባሁ። ወንበር ሰጠችኝ። ካውያውን አላስቀመጠችም።

«አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት» አልኳት። «መዝገብ ተገኝቷል። የበረኛው ልጅ ማን ጋ እንደገባ…»

«ቆፋሪው ጋ ነው የገባው» አለችኝ ከአፌ ነጥቃ። «እናውቃለን።»

ጆሮዬን አላመንኩም። «ታውቃላችሁ?»

«አማቴ ለእኔ ነገረችኝ፤ ለእሷ ደግሞ እናቷ፣ አንሶላውን የሰጠችው ሴት፣ ነግራታለች። ልጁ እኮ ሰባት ዓመቱ ነበር! እውነቱን ቢናገሩ ሕዝቡ ሊበላው ነው። ሰው ወደኛ ሲጠቁም ዝም አሉ፤ ሕፃን ከሚጠፋ እኛ እንታማ ብለው። እሱ አድጎ ወልዶ ከሞተ በኋላ ደግሞ… ለመድነው መሰለኝ።»

«እኔ ከመስኮቱ ላይ ሆኜ…»

«ይሰማል እኮ። ነፋሱ ወደዚህ ሲሆን ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው።» አንሶላውን ገልብጣ ሌላውን ጎን ተኮሰች። «ጥሩ ድምፅ አለዎት።»

ብትሰድበኝ በቀለለኝ ነበር። አፈር በሆንኩ አልኩ በልቤ። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ካውያውን አቁማ ቀና አለች።

«ልጅዎም ታውቃለች» አለችኝ።

ከዚያ የነገረችኝን ራስሽ ስለምታውቂው በአጭሩ ልጻፈው፤ እኔ ግን መጻፍ አለብኝ። ያኔ እኔ ደጄን ዘግቼባችሁ ባልሽ ተናዶ ሲመጣ፣ እናቱ ነገሩን አወጣችላችሁ። እሱ «አሁኑኑ ሄጄ እነግረዋለሁ» ብሎ ሲነሳ እጁን ይዘሽ አስቀመጥሽው። እኔ የተቀመጥኩባት ወንበር ላይ ሆነሽ፣ «አባቴ ያለዚያ ጉድጓድ ምንም የለውም። እሱን ከምትነጥቁት እኔን ይጣለኝ» አልሽ። ሁሉንም አስማልሽ። በሳምንቱ ከተማውን ለቃችሁ ሄዳችሁ።

ልጄ፣ አውቀሽ ነበር! ለመሰናበት መጥተሽ እኔ ስጮህ፣ ደም፣ ዘር፣ ከሃዲ ስል፣ አንገትሽን ደፍተሽ ቆመሽ ነበር። አፍረሽ መስሎኝ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ይኸው ይህንንም ልናገር። ያን ቀን ቤት ውስጥ ባዶ እግሬን ነበርኩ። ለካስ እግሬን ነበር የምታዪው። አንዲት ቃል ብትተነፍሺ አፌን ታዘጊኝ ነበር። ሻንጣሽን አንስተሽ ወጣሽ።

የዓርቡ ድንጋጤ ድንጋጤ አልነበረም። የእሑዱን እንዴት እንደምሸከመው አላውቅም። የተሰቀለ ሰው የልጅ ልጅ ልጅ መሆን ይለመዳል መሰለኝ፤ አንቺ ያደረግሽልኝን ግን ባሰብኩት ቁጥር አዲስ ሆኖ ይመታኛል።

ትናንት ተመራማሪዋን ፈልጌ፣ «ያ መስመር ይነበባል» አልኳትና አነበብኩላት። ጫማዬንም አወለቅሁ። ምስኪን፣ ምን ማለት እንዳለባት ጠፍቷት «ይቀዘቅዝዎታል» አለችኝ። ኃላፊያችን ወደ ጎን ወስዳ፣ «ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ነው የቀረዎት፤ እስከዚያ ዝም ብንለውስ?» አለችኝ። ክፋት የላትም፣ ለእኔ አስባ ነው። ዝም የተባለልኝ ይበቃል አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሃያ የሚሆኑ ጎብኚዎች መጡ። በሩ ጋ ስደርስ መቀርቀሪያውን እንደ ወትሮው ቀጭ አላደረግሁትም። «እዚህ የነበረው ሰው ለምን እንደከፈተ አናውቅም። ሲጠይቁት ዝም አለ። አያቴን የወለደው እሱ ነው» አልኳቸው። አንዲት ጎልማሳ ሴት «ያፍሩበታል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አፍራለሁ፤ በእሱ ግን አይደለም» አልኳት። ከዚያ መስኮቱ ጋ ወስጄ የአጣቢዋን አንሶላ ነገርኳቸው። እየነገርኳቸው ዞር ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ምንም አልጨመርኩበትም፣ እንዳለ ነው የነገርኳቸው። ነፋሱ ወደዚያ ይሁን ወደዚህ ልብ አላልኩም።

ባልሽን ይቅርታ በይልኝ። አይ፣ አንቺ አትበይልኝ፤ ለብቻው እጽፍለታለሁ። መጥታችሁ እዩኝም አልልም፤ እንደዚያ የማለት መብት በገዛ አፌ የበላሁት ነው። እናትሽ በሚቀጥለው ጊዜ ለዳቦ ስትወጣ አብሬያት ልሂድ ብላት እሺ የምትለኝ ይመስልሻል?

አንድ ነገር ቀረኝ። ከአጣቢዎቹ ቤት ስወጣ የባልሽ እናት በሩ ድረስ ሸኘችኝና «የልጅ ልጃችን መራመድ ጀመረች» አለችኝ። ልጅ መውለድሽን ያወቅሁት የዚያን ጊዜ ነው። እናትሽ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለችም፤ ስምሽ እንዳይነሳ ያልኩት እኔ ነኝና። «ስሟን ልንገርዎ?» ስትለኝ እጄን ዘርግቼ አስቆምኳት። ከሌላ ሰው አፍ መስማት አልቻልኩም።

የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ፤ ልጅሽ እንዳንቺ ትሁን፣ እንደ እኔ አትሁን፤ ለባልሽም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለዚህ ደብዳቤ መልስ ባትጽፊ አልቀየምም። ልትጽፊልኝ ካሰብሽ ግን ሌላ ምንም አትጻፊ፣ የልጅሽን ስም ብቻ ጽፈሽ ላኪልኝ።

አባትሽ