ስለ እኔ አዋዋል ለአባቴ ለሚደውሉት ሊቀ መንበር

ለተከበሩ የአገራችን ተማሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ፣ ከአገር ከወጣሁ ገና ጥቂት ሳምንታት የሆነኝ፣ ከማኅበሩ አባላት ሁሉ ታናሽ የሆንኩት የሥነ ሕንጻ ተማሪ፣ እርስዎ ለአባቴ እየደወሉ ስለ እኔ በሚሰጡት መግለጫ ምክንያት ከያዘኝ ራስ ምታት በቀር ደህና ነኝ። ዓይንዎ ከዚህም በላይ እንዲበረታ፣ አንገትዎም ወደ ሰው ጉዳይ ሲዞር እንዳይታመም ዘወትር እመኛለሁ። ደብዳቤዬን በጋራ ወጥ ቤታችን በር ላይ የለጠፍኩት ደፍሬዎት ሳይሆን፣ የእኔ ጉዳይ እስካሁን በአደባባይ ሲነገር ስለቆየ መልሱን ለብቻዎ ሹክ ብልዎ ቅር እንዳይሰኙ በማሰብ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ አባላት ያህል፣ አባቴ እርስዎን አይተውዎት አያውቁም። አክስቴና እናትዎ በአንድ መሥሪያ ቤት ስለሚሠሩ ብቻ ስልክዎን ተቀብለው «ልጄን አደራ» አሉዎት፤ እኛ ዘንድ ይህ ይበቃል። እርስዎም አደራውን ተቀብለው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጡ፣ ሻንጣዬንም ያዙልኝ። ሻንጣዬን ያኔውኑ መልሰውልኛል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቁኝም።

መምህራችን የመጀመሪያውን ሥራ ሲሰጡን፣ አንድ አንድ የከተማዋን ክፍል ይዘን፣ ካርታ ሳናይ፣ መንገዱንና ደረጃውን፣ ሰው አረፍ የሚልበትን ጥላ ሳይቀር በእግራችን አውቀን በትልቅ ወረቀት ላይ እንድንስል ነበር ያዘዙን። መዞር የቤት ሥራዬ ነበር ማለት ነው። ይህን ለማወቅ አንዲት ጥያቄ ትበቃ ነበር፤ እርስዎ ግን እኔን ከመጠየቅ ለአባቴ መንገር ስለቀለለዎት ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. «ከአንድ ሰውዬ ጋር ድልድይ ላይ ቆማ አየኋት» ብለዋል። ሰውዬው ድልድዩ አፍ ላይ የሚሠሩ ጫማ ጠጋኝ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከአያቴ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ደረጃ ስወጣ ስወርድ የተነቀለውን የጫማዬን ተረከዝ በሚስማር ሲመቱልኝ፣ እኔ በባዶ እግሬ ብርድ እንዳይመታኝ አንዱን እግሬን አንጠልጥዬ ቆሜ ነበር። ከዚህ ውስጥ የፍቅር ወሬ ፈልፍለው ላወጡበት ችሎታዎ አድናቆቴ የላቀ ነው።

፪. «ከኮሌጁ በተቃራኒ አቅጣጫ አውቶቡስ ይዛ ስትሄድ ተገኘች» ብለዋል። እውነት ነው፤ ከተማዋን የለየኋት በየመስመሩ እስከ መጨረሻው ፌርማታ እየሄድኩ፣ በእግሬ እየተመለስኩ ነው። አንዴ ጠፍቼ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ፤ አንዲት አትክልት ሻጭ ናት በእጇ እያመለከተች የመለሰችኝ። እርስዎ ግን ይህን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖረው ከመኖሪያችን እስከ ኮሌጁ ካለው መስመር ሌላ አያውቁም ሲባል እሰማ ነበር። አዲስ ገቢዎችን ሙዚየም ላሳያችሁ ብለው፣ ከፊት ከፊት እየመሩ፣ የሆስፒታል ጓሮ ከልብስ ማጠቢያው ደጃፍ ያቆሙን ዕለት ሐሜት እንዳልሆነ ገባኝ። እኔ መንገዱን አውቀው ነበር እኮ! ታላቅ እየመራ ታናሽ አያርምም ብዬ ሬሳ ክፍል ድረስ ልከተልዎት ተዘጋጅቼ ነበር። እንዲህ ያለው ጨዋነት ሁለተኛ አይለምደኝም።

፫. «ከመጠጥ ቤት ስትወጣ ታየች» ብለዋል። ወጥቻለሁ፤ ገብቼም ነበር፤ ሽንት ቤት ፈልጌ። በዚያ ሰፈር ሌላ ክፍት በር አልነበረም። ይህን በአደባባይ ያስጻፉኝ እርስዎ ስለሆኑ ኀፍረቱን እኩል እንካፈለዋለን።

የድካምዎን ፍሬ ላሳይዎት። አባቴ ደውለው፣ ከትምህርት ክፍሌና ከመኝታዬ ውጭ እግሬ ከተገኘ ሻንጣዬን ይዤ እንድመለስ ነገሩኝ። መምህሬ ናቸው ያዘዙኝ ብላቸው «ዙሪ የሚል መምህር የት አገር ነው ያለው?» ብለው ዘጉት፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሱም። ዘመድ አዝማድ ሁሉ ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር ማዶ ምን ልትሆን ነው ሲል፣ ለብቻቸው ተሟግተው የላኩኝ እኒሁ አባቴ ናቸው። ዛሬ በእርስዎ ምላስ ምክንያት እነዚያው ዘመዶች ፊት አንገታቸውን ደፍተዋል። ይህ አንጀቴን አሳርሮታል፤ በጨዋ ቃል ልለው ሞክሬ አልሆነልኝም። ሥዕሌም ከገበያው ወዲያ ያለው ሰፈር ነጭ ባዶ ሆኖ ቀርቷል፤ መምህሩም ባዶ ወረቀት አልቀበልም ብለውኛል።

አሁን ደስ ወደሚለው ጉዳይ ልለፍ። ገና መዞር ሳይከለከል፣ ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ መደብር አገኘሁ። በመስታወቱ በኩል ለናሙና የተሰናዳ ሳሎን ይታያል። በሳሎኑ ረጅም ሶፋ ላይ፣ ጫማዎን አውልቀው፣ ትራስ አቅፈው፣ በትምህርት ሰዓት እርስዎ ተኝተዋል። በሌላ ቀን ሳልፍም እዚያው ነዎት፤ ገዢ ሲመጣ ሻጯ ቀስቅሳ ወደ ጥጉ ወንበር ስታዛውርዎት አይቻለሁ። በየስብሰባው «ቤተ ሙከራ ውዬ» የሚሉን ይህ መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ሰሞኑን ግን አክስቴን የእናትዎን ስልክ ጠየቅኋትና ደወልኩ። እንዴት ያሉ ደግ እናት አለዎት! ልጃቸው ሐኪም ሊሆን ጥቂት እንደቀረው ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ተናግረዋል። እኔም ያየሁትን ነገርኳቸው፤ አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፣ ከእርስዎ በተማርኩት መሠረትም ምክንያትዎን አስቀድሜ አልጠየቅኩም። እሳቸውም «ልጄን አደራሽን፤ ያየሽውን እንዳትደብቂኝ» አሉኝ። አደራውን ተቀብያለሁ።

ሶፋው ላይ ለመተኛትዎ ምናልባት በቂ ምክንያት ይኖርዎት ይሆናል። እኔም ነበረኝ።

ከማያልቅ አክብሮት ጋር፣
በእርስዎ ጥበቃ ሥር የምገኘው፣ እርስዎንም ከእንግዲህ የምጠብቅዎት፣
የሥነ ሕንጻ ተማሪዋ

ማስታወሻ፦ እናትዎ የፊታችን እሑድ መልሰው ይደውሉልኛል፤ የአባቴን ቁጥር ደግሞ ከእኔ ይልቅ እርስዎ በቃልዎ ያውቁታል። አባቴ ከዚያ በፊት ስልኬን ቢያነሱ ደስ ይለኛል። ትከሻዎን እየነካካች ስለምትቀሰቅስዎት ሴት ለእናትዎ ገና አልነገርኳቸውም።