መርዶ ለጓንት ሰፊው ልጅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

«መርዶ በደብዳቤ አይነገርም!» አልኳት ሰላምን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ጮክ ብዬ ነበር መሰለኝ፣ ልምምዱ ቆመ።

ሰላም እዚሁ ጎፋ እንግሊዝኛ የምታስተምር ልጅ ናት። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ስለኖረ አንድ ዝነኛ እንግሊዛዊ የቴአትር ጸሐፊ ሕይወት ቴአትር ጽፋ፣ የሰፈሩን ሰው ተዋናይ አድርጋ፣ እሁድ ልታሳይ ነው። ስሙን ልጥራ ስል ምላሴ ስለሚተሳሰር «ሰውየው» ነው የምለው። የሰውየው አባት ጓንት ሰፊ ነበሩ። እኔ ደግሞ ነፋስ ስልክ ቆዳ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ጓንት ቆርጬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። አባትየውን ማን ይጫወት ብሎ መከራከር አያስፈልግም።

መጨረሻ ላይ ደግሞ መልእክተኛ ሆኜ እገባለሁ። ሰውየው ለንደን ሥራ ላይ እያለ አገር ቤት ትቶት የመጣው የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ ይሞትበታል። ሰላም የጻፈችው እንዲህ ነው፦ እገባለሁ፣ ደብዳቤ እሰጠዋለሁ፣ እወጣለሁ። የውሃ ቢል አመጣሁ ወይስ መርዶ?

በእኛ እድር መርዶ ሲሆን የምላከው እኔ ነኝ። ስንቱን አርድቻለሁ፣ አንድም ሰው እጄ ላይ ወድቆ ተጎድቶ አያውቅም። ሥርዓቱን ቆጠርኩላት፦

ማታ አይነገርም። እህል ቀምሶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ፣ ጎህ ሲቀድ ነው።
ብቻን አይኬድም። ሦስት ሰው፣ አንዱ ከጀርባ።
መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ነው። ቀጥሎ «ጠንቶበታል»። ሌላውን እሱ ራሱ ይጨርሰዋል።
«ሞተ» የሚባል ቃል ከአፍ አይወጣም።

«ጋሽ ታደሰ፣ ለንደን እኮ ነው። እዚያ እድር የለም» አለችኝ።

«ሞት አለ አይደል?» አልኳት። እስክሪብቶ አውጥታ ጽሑፏ ላይ የሆነ ነገር ጫረች።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አሸነፍኩ! ደብዳቤው ወጣ። ሁለት ሽማግሌ ከግራና ከቀኝ አስከትዬ እንድገባ ተፈቀደልኝ። ቃሉንም ራሴ አስተካከልኩት።

ልምምዱ ግን አስቸጋሪ ነው። ሰላም ለእያንዳንዳችን የሰጠችን የራሳችንን ቃል ብቻ ነው፣ ከፊታችን የሚናገረው ሰው ከሚላቸው የመጨረሻ ሁለት ሦስት ቃላት ጋር። ያኔም እንዲህ ይሠሩ ነበር ትላለች። ሁሉንም በእጅ መገልበጥ አድካሚ ነው፣ ሙሉው ጽሑፍ ሰው እጅ ከገባም ይሰረቃል። ሙሉው ያለው እሷ ጋ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመጣብኝን የማውቀው ሲመጣብኝ ነው። ጆሮ አቁሞ መጠበቅ ነው።

ሰውየውን የሚጫወተው ቢንያም ነው። ጎፋ ስልክ ይጠግናል፣ የሚኖረው እኛ ግቢ ተከራይቶ ነው። አባቱ ከቡታጅራ ይዘውት መጥተው «ታደሰ፣ አደራ» ብለው እጄን ጨብጠው የሄዱ ናቸው። ጎበዝ ልጅ ነው። ልጁ መሞቱን ሲሰማ የሚያደርገው ነገር ግን ገና አላሳመነኝም፣ በጣም ይንፈራፈራል። ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው መቀመጫ መፈለግ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ለአስካለ የሰውየውን ታሪክ ነገርኳት። በአሥራ ስምንት ዓመቱ በስምንት ዓመት የምትበልጠውን አገባ። ሦስት ልጅ ወለዱ። ከዚያ ትቷቸው ለንደን ገባ። መሃል ላይ የት እንደነበረ፣ ምን እንደሠራ የማይታወቅ ብዙ ዓመት አለ። ሲሞት በኑዛዜው ለሚስቱ የተወላት ከአልጋዎቹ በጥሩነት ሁለተኛውን ነው።

«አንደኛውን ማን ወሰደው?» አለች ባለቤቴ።

አላውቅም። ሰላምም አታውቅም። አስካለ ግን እስክንተኛ ድረስ አልጋችንን እያየች ታጉተመትም ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ቴአትሩን ልናሳይበት የነበረውን የቀበሌ አዳራሽ ከለከሉን። ለእሁድ ስብሰባ አለ ተባለ። ሰላም ደረጃው ላይ ተቀምጣ ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

«የእነ ሰውየው ቴአትር ቤት ጣሪያ ነበረው?» አልኳት።

መሃሉ ክፍት ነበር አለችኝ። በቀን፣ በፀሐይ ነበር የሚጫወቱት። ብዙው ሰው ቆሞ ነው የሚያየው። አንዴ እንዲያውም ከመሬቱ ባለቤት ጋር ስላልተስማሙ የቴአትር ቤታቸውን እንጨት ነቅለው፣ ወንዝ አሻግረው፣ ማዶ እንደገና ሠሩት።

«እና ምን ያስለቅስሻል?»

ከሰዓት የእድሩን ሊቀመንበር አናገርኩ። ሀና ማርያም ያለው የእድራችን ግቢ ተፈቀደልን። ድንኳን አንተክልም፣ ሰማዩ ይበቃል። አግዳሚውን ሁሉ እኔና ቢንያም ደረደርን። በዚያ ዘመን ቴአትር ሊጀመር ሲል ጥሩንባ ይነፋ ነበር ብላ ሰላም የእድሩን ጥሩንባ ልታስነፋ ፈለገች። እንዳትሞክሪ አልኳት፣ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቀብር ይመጣብናል።

ዓርብ፣ የካቲት 7

ጠዋት የቢንያም ታላቅ እህት ከቡታጅራ ደወለች። አባታቸው ትናንት ሱቅ ውስጥ ወድቀዋል። ሆስፒታል ናቸው፣ ሐኪሞቹ ገና ምንም አላሉም።

«ለቢኒ እንዳይነግሩት ጋሽ ታደሰ። ቴአትሩ ይለፍለት። ከዚያ እርስዎ ያውቁበታል።»

እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት አፌ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ሁለቱን ሽማግሌ አስከትዬ ገባሁ። ቢንያም ፊቴ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ልጅህን ትንሽ አሞታል» ልለው አፌን ስከፍት ድምፄ እምቢ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

ስንጨርስ ሰላም አቀፈችኝ። «ዛሬ ገና ተዋናይ ሆኑ!» አለችኝ። ቢንያምም እየሳቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ውርደት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ስንወጣ ጠየቅኳት። «ሰውየው ለልጁ ቀብር ደርሷል?»

«ማንም አያውቅም» አለች። «ከለንደን አገሩ በፈረስ የቀናት መንገድ ነው። ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል።»

ቡታጅራ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም።

ቤት ገብቼ ለአስካለ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር፣ ቀና ብላም አላየችኝ። «ያንተ ሙያ ለሞተ ሰው ነው» አለች። «የቢንያም አባት በሕይወት አሉ። ምኑን ነው የምትደብቀው?»

ለእህትየው ደወልኩ። ሳልነግረው መቆየት አልችልም አልኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ «አባዬም እየጠራው ነው» አለችኝ። ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ፣ በመጀመሪያው መኪና ይሄዳል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ጅል ነኝ። ስድሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ ጅል።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ ተነሳሁ። ጋቢዬን ለበስኩ። አስካለን ቀሰቀስኳት። ጎረቤታችንን ወይዘሮ ዘነበችን ጠራሁ፣ ልጁ ቢደነግጥ ሰው ይኑር ብዬ። እግሬ የለመደውን ነው ያደረገው። ሦስት ሆነን በሩን አንኳኳን።

ቢንያም ከፈተ። እኔን አየ። ጋቢዬን አየ። ከኋላዬ ሁለቱን ሴቶች አየ።

«አባዬ!»

አፌን ገና አልከፈትኩም! መሬት ላይ ተዘረጋ። «ደህና ናቸው፣ ትንሽ አሟቸው ነው» አልኩ፤ ይሄን ስሰማ ራሴን ጠላሁት። እንዲህ ብዬ ስንቱን አርድቻለሁ። ጩኸቱ ባሰ። ወይዘሮ ዘነበችም፣ በደንብ ነግሬያት እያለ፣ ደረቷን መምታት ጀመረች። የግቢው በር ሁሉ ተከፈተ፣ ነጠላው ተዘቀዘቀ፣ አንዱ አግዳሚ ይዞ መጣ። «በሕይወት አሉ! በእናቴ አጥንት!» እያልኩ እዞራለሁ። የሚያምነኝ ጠፋ። አንድ አዛውንት እንዲያውም «በርታ ታደሰ፣ ቀስ እያልክ ንገረው» አሉኝ።

መጨረሻ ላይ ለእህትየው ደውዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። አባትየው ጆሮ ላይ አስጠጋችው። የግቢው ለቅሶ እዚያ ድረስ ተሰማ መሰለኝ፣ ደከም ያለ ድምፅ መጣ።

«ቢኒ... ማን ሞተ?»

ለቅሶው ቆመ። ከዚያ ቢንያም ሳቀና አለቀሰ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ። የመጀመሪያው መኪና አመለጠው፣ በሁለተኛው ሄደ።

ሲሳፈር «እሁድስ ጋሼ?» አለኝ። «የእሁዱን ለኛ ተወው» አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ነው ያልኩት፣ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

ሰላም ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። የቢንያምን ቃል የያዘ ሌላ ሰው የለም። ሁላችንም የምናውቀው የየራሳችንን ነው።

«ሙሉው ያለው ማን ጋ ነው?» አልኳት።

«እኔ ጋ።» ከዚያ ገባትና ወደ ኋላ ሸሸች። «አይሆንም! ሰውየው ወንድ ነው!»

«ያኔ የሴቱን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም? ብድሩን መልሺላቸው።»

እሁድ፣ የካቲት 9

ገና ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ዘጠኝ ሰዓት ጀመርን። ፀሐዩ ልክ ነበር። አግዳሚው ሞልቶ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ለመድረኩ የቆረጥኩት ጓንት ተጨበጨበለት (ስፌቱ ከሩቅ አይታይም፣ እኔ ግን አውቀዋለሁ)። ስለ አልጋው ሲነገር አስካለ ከመሃል «አንደኛውስ?» ብላ ጮኸች፣ ሴቶቹ ሁሉ አጨበጨቡላት። ሰላም በቢንያም ካፖርት ውስጥ ትንሽ ሆና ነበር። ድምፅዋ ግን ግቢውን ሞላው።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። ሁለቱን ሽማግሌ ይዤ ገባሁ። ገና ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ከሕዝቡ «ወይኔ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አወቁት። እንዲህ ሆኜ የገባሁበትን ቤት ሁሉ ያውቁታላ። ሰላምም ዞራ አየችኝ፣ ምንም ሳልላት ወንበር ፈለገች። እኔ ያላስተማርኳትን!

«ልጅህን ትንሽ አሞታል» አልኩ።

ወይዘሮ ዘነበች ከአግዳሚዋ ተነሳች። ማንም ሳይከለክላት መድረኩ ላይ ወጥታ ሰላምን ከጀርባ ደግፋ ያዘቻት። እስከ መጨረሻው አልለቀቀቻትም። ሰላም የመጨረሻውን ንግግር በዘነበች እቅፍ ውስጥ ሆና ተናገረች። ያ ሰውዬ በዚያን ቀን ማን እንደያዘው አላውቅም። እኛ ግን ይዘነዋል።

ለቢንያም ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። አሁንም ደወልኩ። ዝግ ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ቢንያም ነው። በዚህ ሰዓት!

አላነሳሁትም። ማንሳት አቃተኝ። ስልኩን እያየሁ መቀመጫ ፈለግኩ። ለካ እንዲህ ነው። ስንት ዓመት በሰው በር ቆሜ ከበሩ ወዲያ ያለውን ሰው አላውቀውም ነበር።

አስካለ ነጥቃኝ አነሳች። እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ፊቷ በራ።

«አባቱ ማታ ገንፎ በሉ። ጠዋት ደግሞ ሻይ ስጡኝ ብለዋል። የቢንያም ስልክ ባትሪ ጨርሶ ነው። አባትየው ደግሞ፣ ታደሰ ከእንግዲህ በቀን ይምጣ ብለዋል።»

ፊቴን ታጠብኩ። እንዲህ ያለውን ወሬ ይዞ መቀመጥ ደግሞ ነውር ነው። ጋቢዬን ትቼ በሹራብ ብቻ ወጣሁ፣ ሰው አላስከተልኩም። የወይዘሮ ዘነበችን በር አንኳኳሁ።

ከፍታ አየችኝ። የያዘችው ስኒ ወደቀ።

«በሉ!» አልኳት። «አባቱ ገንፎ በሉ!»