የዘነቡ ጀሪካን

ሰኞ፣ መጋቢት 3፣ ከሰዓት በኋላ

ዛሬም ውኃ የለም። ሳፋው ባዶ። ልጆቹ በዙሪያው ቁጢጥ ብለው ባዶውን በጣሳ ይቀዳሉ። አሸዋው ደርቆ እንደ ዱቄት ይበናል፤ የሁሉም ዓይን ቀልቷል። ሁለቱ ተነካከሱ። አንዷ አለቀሰች፣ ከዚያ ሁሉም አለቀሱ።

ያው ነው ደብተሬ። ኦ-ክፍል። አንድ በር፣ አንድ መስኮት፤ መስኮቱም የሚያየው ገደሉን ነው። ጥጉ ላይ በሳንቃ ያጠርኩት የአሸዋ ሳጥን። ወልድያ ሥልጠና ላይ ሕፃን በእጁ ነው የሚያስበው አሉን፤ አምኜ መጣሁ። መጀመሪያ በእህል ሞከርኩ፣ ምስርና ገብስ በሳህን። እናቶቹ ሰምተው ሊደበድቡኝ ምንም አልቀራቸውም። በእህል ይቀለዳል ወይ? እውነታቸውን ነው። ከወንዝ አሸዋ በአህያ አስጫንኩ።

ሥልጠናው ላይ ያሳዩን ሥዕል ውስጥ ልጆች አሸዋ ቆልለው ቤት ይሠራሉ። የእኔዎቹ መቆለል አያውቁም። ይቆፍራሉ። ዙሪያውን ቦይ አውጥተው መሐሉን ይተዉታል፤ ከዚያ በጣታቸው በር ይፈለፍሉለታል። ቤተ ክርስቲያን ነው ይሉኛል። ከአለት ከተፈለፈለው ሌላ ቤተ ክርስቲያን የት አይተው! ደረቅ አሸዋ ግን በር አይይዝም፣ ይናዳል። ውኃ ውኃ የምለው ለዚህ ነው።

ር/መምህሩ ጌታሁን በበሩ አንገቱን አስግጎ ፊደል የት ደረሳችሁ አለኝ። በጣታቸው አሸዋው ላይ ይጽፉታል አልኩት። አሸዋ ለግንበኛ ነው ብሎኝ ሄደ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ያደክማል እንጂ።

ዝውውሬ፦ ዝም። መንገዱ፦ ዝግ። ኔትወርክ የለም። እማዬ ኮምቦልቻ ብቻዋን ናት፤ እኔ እዚህ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4፣ ምሽት

ጠዋት እናቶቹ ልጆቻቸውን ሲያደርሱ በር ላይ ያዝኳቸው። ስትመጡ ትንሽ ትንሽ ውኃ ብትይዙልኝ? ሳቁብኝ። ከሁሉም የባሰችው ዘነቡ፣ የሰብለ እናት። ከምንጭ ሽቅብ በጀርባዬ ያወጣሁትን ልጄ አፈር ላይ ልትደፋው? አለችና ዞር ብላ ገመዱ ትከሻዋን የበላበትን አሳየችኝ። «እታለም፣ አንች ስንት ቀን ቀድተሽ ታውቂያለሽ?»

የእኔን የምትቀዳልኝ የአከራዬ ልጅ ናት። ልጆቹን ይዤ ገባሁ።

ማታ ግን መልስ መዓት መጣልኝ። ሽሮ ሳማስል ሁሉንም ለግድግዳው ተናገርኩት። ሽሮው አረረ።

አውቃለሁ፣ ኑሮዋ ከባድ ነው። ባሏ ለሥራ እንደወጣ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። አማቷ አልጋ ላይ ናቸው። አውቃለሁ። ቢሆንም ተናድጃለሁ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6፣ 6 ሰዓት ላይ

ውኃ! ደብተሬ፣ ውኃ!

ከዕረፍት ስንመለስ ደጃፉ አግዳሚ ወንበር ላይ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል። ሙሉ። አፉ በቅጠል ተወትፏል። የማን ነው? ሰብለ፦ የእማዬ። ዘነቡ! ያቺ ምላሷ እንደ እሳት የሚፋጀው ዘነቡ! ላመሰግናት ወጥቼ ባይ የለችም። እንባዬ መጣ፤ አላፍርም። ትናንት ሳትታይ የዋለችው አፍራ ነው አልኩ በልቤ።

ግማሹን ሳፋው ውስጥ፣ ግማሹን አሸዋው ላይ ገለበጥኩት። ምን ልበልህ! በሩ ቆመ። የሁሉም በር ቆመ። አንዱ ቦዩን ከሌላው ቦይ ጋር በዋሻ አገናኘው። የማይናገሩት ተናገሩ፣ የሚጮኹት ዝም አሉ። ሰብለ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ዲያቆኑ በየት ይግባ ብላ ትጠይቀኛለች። ፊደል አልነካንም። ይቅር።

ይሄ ክፍል እስር ቤት መስሎ ያልታየኝ ዛሬ ብቻ ነው።

ያው ቀን፣ 12 ሰዓት ላይ

ጠበል ነው።

የተደፋው ጠበል ነው። ዘነቡ ትናንት ለአማቷ ልታመጣ ሄዳ፣ እዚያው አድራ፣ ንጋት ላይ ቀድታ፣ እዚህ ድረስ ተሸክማው መጣች። ቤቷ ዳገቱ ላይ ነው፤ ትከሻዋ እንቢ ሲላት ጀሪካኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና አህያ ልታመጣ ወጣች። ሰብለን ጠብቂ ብላት ኖሯል። ልጅቱ ውኃ ስታይ ረሳችው። እኔስ? ቅጠሉን አየሁ። ከመሬት ከፍ ተደርጎ መቀመጡን አየሁ። ደሴ ተወልጄ ያደግኩ ክርስቲያን፣ ጠበል እንዴት እንደሚያዝ አጥቼው ነው? ውኃ ጠምቶኝ ታወርኩ።

አህያዋን እየነዳች መጣች። ሳፋውን አየች። ትጮሃለች ብዬ ጆሮዬን ሳዘጋጅ አልጮኸችም። ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ባዶውን ጀሪካን አንስታ አፉን በዚያው ቅጠል መልሳ ወተፈችው። መሬት እኮ አላስነካሁትም ነበር፣ አለች። ተነስታ ባዶ አህያዋን ነድታ ሄደች።

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ልጆቹ አሸዋው ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ማንም አላዘዛቸውም። ተሰልፈው ቆሙ። አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ጭቃውን ግንባራቸው ላይ ነካ፣ ነካ። የሚቆፍር የለም። የትናንቱ በሮች እንዳሉ ናቸው፤ የሚነካቸው የለም።

ተጫወቱ አልኩ። ደግሜ አልኩ። ሰብለ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ ቲቸር፣ እዚህ አይጮህም አለችኝ።

ጨዋታው ሞተ። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ በደስታ ብዛት።

እሑድ፣ መጋቢት 9፣ ከቅዳሴ መልስ

የወላጅና መምህራን ስብሰባ፣ ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር። ሰብሳቢው አባ መልካሙ፣ የደብሩ ቄስ። ዘነቡ አልመጣችም፤ በሽተኛ ትታ የት ትምጣ። ስለ እሷ ሌሎቹ ተናገሩላት። አንዳንዶቹ መምህርቷ ትሂድልን አሉ። ጌታሁን እኔ መጀመሪያም ብያለሁ አለ። እንደሱ እንደሚል አውቅ ነበር።

አባ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ሕፃናት ናቸው የተነከሩበት፣ ምን ከፋ? አሉ። ትንሽ ተነፈስኩ። ግን አላበቁም። አሸዋው የተባረከ አፈር፣ እምነት አይደለም፣ ማንም ለመድኃኒት እንዳይወስድ። ጠበል የጠጣ ነውና እግር እንዳይረግጠው፣ ሜዳ ላይም እንዳይደፋ። ቦታ እስኪፈልጉለት ባለበት ይቆይ።

ጌታሁን እንዳይጥለው ተከለከለ። እኔ እንዳላጫውትበት ተከለከልኩ። አሸዋው ክፍሌ ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ። አንድ ላይ ታሰርን።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 11

አሸዋው እየጎደለ ነው።

እናቶቹ ናቸው። እነዚያው የሳቁብኝ። ልጅ ለማድረስ ይገባሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይወጣሉ። አንዷ ለልጇ ቁስል። አንዷ ለላሟ። ከታች ሠፈር ከናካቴው ልጅ የሌላት ሴትዮ መጣች።

አባ ከልክለዋል እላለሁ። እሺ መምህርት ይሉኛል፤ ይዘግናሉ። የወንዝ አሸዋ እኮ ነው ብል ተሳዳቢ እሆናለሁ። ዝም ብል ዋሾ። በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሜ ዋልኩ። ዘበኛ እንኳ ደመወዙን ያውቃል፤ እኔ ምን እንደምጠብቅ አላውቅም።

አባን አግኝቼ ነገርኳቸው። በረጅሙ ተነፈሱ። ሕዝብ ሲጨንቀው ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ፣ አሉኝ። እሳቸውም ደክሟቸዋል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 13

አለቀ። ሳንቃው ብቻ ቀረ። የመጨረሻዋን ጠርገው ወስደዋታል።

ጌታሁን ደስታው ወሰን የለውም። ሳንቃውን አስነስቶ አግዳሚ ወንበር አስገባበት። ክፍል አሁን መሰለ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ መንገዱ ተከፍቷል። ዝውውርሽ ተፈቅዷል። ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ከከተማ መኪና ይወጣል፣ ቦታ አስይዤልሻለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ኮምቦልቻ ካልተገኘሽ ግን የሥራ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ይህን ሁሉ ጊዜ ለምኜ እንቢ ያለኝ ሰው አሁን ራሱ መኪና ፈለገልኝ። ገባኝ። ሁሉም እንድሄድ ይፈልጋል፤ እኔም እፈልጋለሁ። ታዲያ ምኑ ነው ቅር ያለኝ?

እማዬ! እማዬን አያታለሁ። ፍራሹን ለአከራዬ ልጅ ሰጠኋት። ሻንጣ ጀመርኩ።

ዓርብ፣ መጋቢት 14

የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዬ። ሁሉም ወንበር ላይ። ሀ፣ ሁ፣ ሂ። በአንድ ድምፅ፣ ቆንጆ አድርገው። ጌታሁን በር ላይ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል።

የሰብለ አፍ ሀ ሁ ይላል። እጇ ግን ከኋላዋ የጭቃውን ግድግዳ ይቦረቡራል። ቀዳዳ አውጥታለች፣ ጣቷ ሙሉውን የሚገባበት። አየሁዋት። አላየሁም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 15፣ ምሽት

ልሰናበትና ይቅርታ ልጠይቅ ዘነቡ ቤት ወጣሁ። ዳገቱ ትንፋሽ አሳጠረኝ፣ ያውም ባዶ እጄን።

አማቷ በሩ ሲከፈት ቀና አሉ። «ጠበሉ መጣ?» አሉ። ዘነቡ ገና ነው አለቻቸው። ትንሽ ቆይቶ ጎረቤት ገባች። እንደገና ቀና። ጠበሉ መጣ? ዘነቡ በር በተከፈተ ቁጥር እንዲህ ናቸው አለችኝ። መደፋቱን አልነገረቻቸውም።

ጉልበቷ ላይ ወደቅሁ። አነሳችኝ። «ይቅር ብየሻለሁ እታለም፣ ምን ቂም አለኝ። ውኃውን ግን ማን ያምጣው?»

የምር ነው የጠየቀችኝ። ነገር አልነበረበትም። ባለፈው እህቷ ከኩልመስክ መጥታ አማቷን ጠብቃላት ነበር፤ እህቷ ተመልሳለች። አሁን ትታ መውጣት አትችልም። ሰው እቀጥርልሻለሁ አልኳት። አየችኝ። ጠበል በቅጥር አይመጣም አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር።

እሷ ያለችበት ቤትም አንድ በር ነው። መስኮት የለውም።

ወደ ቤት ስወርድ ተናደድኩ። በእሷ። በአማቷ። በመንገዱ። እስከ ዛሬ ዝግ ሆኖ ከርሞ አሁን ይከፈት? ባለፈው ሳምንት ቢከፈት ምን ነበረበት? የሚቀጥለው ሳምንት ቢሆንስ?

እሑድ፣ መጋቢት 16፣ 5 ሰዓት ላይ

እንቅልፍ የለም። ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት። ዛሬ ከሰዓት ጠበሉ ጋ ወርጄ፣ እዚያው አድሬ፣ ንጋት ላይ ቀድቼ ብነሳ፣ እዚህ የምደርሰው ረፋድ ላይ ነው። መኪናው በ12 ሰዓት ሄዷል። ሌላ መኪና? ማንም አያውቅም። ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እርግጥ ነው።

ጠበል ልውረድ ወይ ብዬ አባን ከቅዳሴ በኋላ ጠየቅኋቸው። መቼም ሂጂ ይሉኛል ብዬ፣ ወይ ቅሪ። አንዱንም አላሉኝም። ከሄድሽ በባዶ ሆድ ቅጂ፣ ከቀዳሽ በኋላ መንገድ ላይ አታውሪ። ይኸው ነው ያሉኝ።

ጽድቅ ፈልጌ አይደለም ደብተሬ፣ አንተን አልዋሽህም። እልህ ነው፣ እፍረትም ነው። ኮምቦልቻ ገብቼ እማዬ ጎን ተቀምጬ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና የሚሉት አሮጊት ናቸው የሚታዩኝ። እዚህ ታስሬ እዚያም ልታሰር?

ጌታሁን ስነግረው አበድሽ አለኝ። ምናልባት። ወንበሮቹን ግን ብዙ አትልመዳቸው አልኩት፤ አሸዋ እንደገና አስጭናለሁ። ከአፌ ሳይወጣ የት ነበር ይሄ ነገር? እኔም ራሴ ደነገጥኩ።

ዘነቡ ጀሪካኑን አጥባ በሰብለ ላከችልኝ። ገመዱንም። ልጅቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች፣ እስከ ወንዙ ልትሸኘኝ።

የነገው መኪና ሹፌር አሁን መጥቶ ሄደ። ለእማዬ የገዛሁላትን ጋቢ ሰጠሁት። አንቺስ? አለኝ። የለሁበትም አልኩት። እናትሽ «የት ቀረች?» ብትለኝ ምን ልበላት? አለኝ።

ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች በላት አልኩት።