በመውጫችን ላይ ስለቆመው በረት

ለተከበሩ የሕንፃችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፦

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ በቢሮዎ በር ላይ የቆመችው ባለወርቃማ ኳስ ዛፍም ጭምር እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎ ይብዛ፤ ጉልበትዎ ይጽና፤ ደረጃ የሚወርድ እግር ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ለማወቅ ሳይገደዱ ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ። እኛ በሦስተኛው ፎቅ የምንኖር መጋረጃ ሰፊዋና እናቷ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ደህና ነን፤ አብረን የትም ስለማንሄድ መንገድ ላይ የሚያገኘን ክፉ ነገርም የለም።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ ጽፌ በአሳንሰሩ በር ላይ የለጠፍኩት እርስዎን ለማሳጣት አስቤ አይደለም። ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን፣ ስብሰባውም ስለ ገና ዝግጅት መሆኑን በፈገግታ ስለምትነግረኝ፣ ቢያንስ አሳንሰር ሲጠብቁ የሚያነቡት ነገር ላዘጋጅልዎ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶች በአጭሩ ላስረዳ። እናቴ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ሴት ናት። ታናሽ እህቷ፣ ማለትም አክስቴ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሐኪሞቹም ብዙ እንደማትቆይ ለስለስ አድርገው ነግረውናል። እናቴ በየቀኑ በአሳንሰሩ ወርዳ፣ በዋናው በር ጎን ባለው ደረጃ የሌለው ተዳፋት ወጥታ፣ መንገዱን ተሻግራ እህቷ አልጋ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ይህ ነው የሚባል ወሬም አልነበራቸውም። አንዷ ምግቡን ታማርራለች፣ ሌላዋ ትቆጣታለች፣ ከዚያ ሁለቱም ይስቃሉ። ታዲያ የገና ሰሞን ደረሰና በዚያ ተዳፋት ላይ የልደቱ በረት ተሠራ።

ቅሬታዬን፣ ወይም ቢሮዎ እንደሚመርጠው “ገንቢ አስተያየቴን”፣ በቁጥር እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በረቱ እጅግ ያምራል፤ ይህን ሳልመሰክር ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ። ዮሴፍ በምድር ቤት ካለው የወንዶች ልብስ መሸጫ የተዋሳችሁት አሻንጉሊት በመሆኑ ከካባው ሥር ሙሉ ሱፍ ለብሷል፤ ከረባትም አስሯል። በእንጨት ሥራ የሚተዳደር ሰው፣ ያውም በመንገድ ላይ ሳለ፣ እንዲህ ዘንጦ ማየት ያስደስታል። እረኞቹ ሁሉ የስልክ ቀፎ ይዘዋል፤ የላካቸው ስልክ ቤቱ ነውና አይፈረድባቸውም። ማርያም የተቀመጠችው በስፖንሰሩ ባለስፕሪንግ ፍራሽ ላይ ሲሆን፣ ከራሷ በላይ፣ ኮከቡ ይኖራል ብለን በጠበቅነው ቦታ፣ “ለእናቶች ወገብ የሚመከር” የሚል ጽሑፍ እየበራ ይጠፋል። እናቴ በመጀመሪያው ቀን እህቷን ልትጠይቅ ወርዳ ይህን ስታይ፣ “ምስኪን፣ እሷስ ወገቧን ታሳርፍ” አለችና ወደ አሳንሰሩ እንድመልሳት በእጇ አመለከተችኝ።

ሁለተኛ፦ በረቱ ተዳፋቱን ከግድግዳው እስከ መደገፊያው ብረት ድረስ ሞልቶታል። ገበያተኛው በደረጃው እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል፤ ስለዚህ መንገድ ተዘጋ ብሎ የሚያማዎት ሰው የለም። ለእናቴ የቀረላት ተስፋ አህያው የቆመበት ጥግ ብቻ ነው። አህያው ግማሽ ክንድ ፈቀቅ ቢል ወንበሯ ያልፋል፤ መለካት እንጀራዬ ነውና ለክቼዋለሁ። ይህንኑ ለበሩ ጥበቃ ነገርኩት። ጥበቃው ደግ ሰው ነው፤ ግራ ቀኙን ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “እህቴ፣ እሱን ብነካ የምባረረው እኔ ነኝ። አህያው ስፖንሰር አለው፤ እኔ ማን አለኝ?” አለኝ። ከሕንፃው አስተዳደር በኩል እስካሁን ካገኘኋቸው መልሶች ሁሉ በጣም ግልጹ ይህ ስለሆነ፣ ለጥበቃው ምስጋናዬን በእርስዎ በኩል አቀርባለሁ።

ሦስተኛ፦ በጓሮው በር ለምን አትወጡም የሚል ቅን ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የጓሮው በር የገና አባት ቤት ሆኗል። በዚያ የተቀመጡት ባለ ጥጥ ጢም ሽማግሌ ደግሞ በሌላው ጊዜ የሕንፃችን የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው። እናቴን ይዤ ስመጣ ጢማቸውን ወደ አገጫቸው ዝቅ አድርገው፣ “እናቴ ትሙት፣ ቢፈቀድልኝ ወንበሩን ራሴ ገፍቼ ባሻገርኩዎት ነበር። ግን ከዚህ መነሳት ክልክል ነው፤ ሽንት ቤት እንኳ የምሄደው አስፈቅጄ ነው” አሏት። እናቴ አዘነችላቸው። እኔ ግን፣ አልዋሽዎትም፣ በዚህ ሕንፃ ውስጥ የታሰርነው እኛ ብቻ እንዳልሆንን ሳውቅ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። ክፉ ሐሳብ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ቤት ውስጥ ተዘግቶ የሚውል ሰው እንዲህ ያለ ሐሳብ ይጎበኘዋል።

አራተኛ፦ ግርግሙ ውስጥ ሕፃን የለም። ግርግሙ የዕጣ ሳጥን ሆኗል፤ ከሱቆቹ ዕቃ የገዛ ሁሉ ኩፖኑን እዚያ ይጥላል፤ ሕፃኑም የሚመጣው ዕጣው ከወጣ በኋላ ነው ተብሎ ተጽፏል። አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷን እጇን እየጎተተች “ሕፃኑስ የታለ?” ስትል፣ እናትየዋ “ይመጣል፣ መጀመሪያ ፍሪጁ ይውጣ” ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሴትየዋን አልወቅሳትም፤ የጻፋችሁትን ነው ያነበበችላት።

እዚህ ላይ ከቁጥሩ ወጣ ብዬ አንድ ነገር ብናገር ይፍቀዱልኝ። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ዛፍ ላይ አምፖል መስቀልም ኃጢአት አይመስለኝም፤ እኔ ራሴ በዓል ሲደርስ ለሰዎች ቀይ መጋረጃ ሰፍቼ ነው የምበላው። የልደቱን ታሪክ የማውቀው ማንኛውም ሰው በሚያውቀው መጠን ነው። አንዲት የደከማት ሴት በር ላይ ቆመች፤ ቦታ የለም ተባለች። ከዚያ በኋላ የተወራው ሁሉ፣ መላእክቱም፣ ኮከቡም፣ ስጦታውም፣ የመጣው በዚያች በር ላይ በቆመችው ሴት ምክንያት ነው። ስለዚህ ገና ማለት እኔ እንደሚገባኝ በር ላይ ለቆመ ሰው ትንሽ ጠጋ ማለት ነው። እርስዎ ግን ታሪኩን አሻሽለውታል። በድሮው ታሪክ በሩን የዘጋው የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ነበር፤ በእኛ ሕንፃ በሩን የዘጉት ራሳቸው ማርያምና ዮሴፍ ናቸው። ይህን ያህል ዘመን ሲነገር የኖረን ታሪክ በአንድ የፍራሽ ማስታወቂያ መገልበጥ ቀላል ችሎታ አይደለምና አድናቆቴን ይቀበሉ።

አምስተኛ፦ ይህኛው ስለ አክስቴ ነው። እናቴ ከቀረች ወዲህ እኔ ብቻዬን እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። መድኃኒቱ ያደነዝዛታል፤ የምነግራት ነገር ከእሷ ጋር አይቆይም። በሄድኩ ቁጥር የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ተቆጣችኝ እንዴ?” የሚል ነው። በረት ተሠርቶባት መውጫ አጥታ ነው እላታለሁ፤ ነገሩ እውነት ስለማይመስል ትስቃለች፤ ከዚያ ዓይኗን ትከድናለች፤ ስትነቃ ደግሞ “ምን አድርጌያት ነው የተቆጣችኝ?” ትለኛለች። በስልክ ላገናኛቸው ሞክሬ ነበር። አክስቴ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭምብል አለ፤ ጆሮዋም ተጠግተው ካልነገሯት አይሰማላትም። እናቴ ስልኩን ይዛ “እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ” ስትል ቆየችና አለቀሰች። እኔም ቤት ስመለስ እናቴ “ምን አለች?” ስትለኝ፣ ሰላም ብላሻለች እላለሁ። ተቆጣችኝ ወይ አለች ብዬ የምናገርበት አንደበት የለኝም። በዚህ ሁሉ መካከል በመስኮታችን ሥር የተከላችሁት ድምፅ ማጉያ ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም ሰው ለበዓል ወደሚወደው ሰው እንዲሄድ በዜማ ይመክረናል፤ ምክሩ መልካም ነው፤ አልጠላነውም።

ስድስተኛ፦ ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቻችን ተነጋግረው እናቴን ከነወንበሯ ተሸክመው በዋናው በር ደረጃ ሊያወርዷት ወሰኑ። ጸጉር አስተካካዩ፣ የሁለተኛ ፎቁ ሹፌርና ወንድሙ፣ ቧንቧ ሠራተኛውም ጢማቸውን ሳይፈቱ አምልጠው መጥተው አነሷት። እናቴ ከአክስቴ መታመም በኋላ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር። ሦስት ደረጃ ያህል እንደወረዱ የዝግጅቱ ፎቶ አንሺ እየሮጠ መጣና ብርሃኑ ጥሩ ስላልነበረ ከላይ ጀምረው እንዲደግሙት ለመነ። “እማማ፣ እንደዚያው አድርገው ይሳቁልኝ” አላት። ሰዎቹ ይሉኝታ ይዟቸው ደገሙት፤ ከዚያ በረቱ እንዲታይ ወደ ግራ ጠጋ ብለው እንደገና ደገሙት። መንገዱን ስንሻገር የሆስፒታሉ የመጠየቂያ ሰዓት አልፎ ስለነበር ከበር መለሱን። በማግስቱ ከቢሮዎ ማሳሰቢያ ተለጠፈ፦ “ለበረቱ ደህንነት ሲባል ሰው ተሸክሞ በደረጃው ማለፍ በጥብቅ የተከለከለ ነው።” ቧንቧ ሠራተኛውም ቦታቸውን ጥለው በመሄዳቸው ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። የደነገጡትም ጎረቤቶቼ አሁን ሲያገኙኝ አንገታቸውን ይሰብራሉ፤ እኔም አልቀየምኳቸውም፤ ሁሉም ተከራዮች ናቸውና።

ሰባተኛና የመጨረሻው፦ ያ ፎቶ እጅግ አምሮ ስለወጣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ፎቅ በሚደርስ ባነር ታትሞ በሕንፃው ፊት ተሰቅሏል። እናቴ በጎረቤቶቿ እጅ ላይ ሆና ትስቃለች፤ ከሥሯም “በእኛ ሕንፃ ገናን ማንም ብቻውን አያሳልፍም! ታላቅ ቅናሽ” የሚል ጽሑፍ አለ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል፤ እኔም ምን ያህል ቆንጆ ሴት እንደሆነች ከመንገድ ማዶ ሆኜ በኩራት አይቻታለሁ። ነገር ግን ክቡርነትዎ እንዲያውቁት የምፈልገው፣ እናቴ የሳቀችው ለካሜራው አይደለም፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እህቷን የምታይ መስሏት ነው። ባነሩም መስኮታችንን ሙሉ በሙሉ ስለሸፈነው እናቴ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርታ ከራሷ ሳቅ በስተኋላ ተቀምጣ ትውላለች። ዕድሜዬን ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ እንዲህ ብርሃን የማያሳልፍ ጨርቅ ገጥሞኝ አያውቅም። ልቤ ቆስሏል፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እንግዲህ ስላማረው በረት፣ ስለ ዘነጠው ዮሴፍ፣ ስለ ምክር አዘሉ ዜማ፣ እናቴንም ሳይጠይቋት ዝነኛ ስላደረጉልን የማያልቅ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ መጪው በዓል ለእርስዎና ለስፖንሰሮችዎ የሰላም፣ የጤናና የሽያጭ እንዲሆንላችሁ ከልብ እመኛለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣ ከእናቴ ጋር ወጥቼ እጅ ለመንሳት ባይመቸኝም ከተቀመጥኩበት ጎንበስ ብዬ፣

በሦስተኛው ፎቅ ከባነሩ በስተኋላ የምትኖረው መጋረጃ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ባነሩን እንዲያወርዱልን ልለምንዎት አስቤ ነበር፤ እናቴ ከለከለችኝ። የአክስቴ አልጋ በመስኮት በኩል ፊቱን ወደ ሕንፃችን አዙሮ ነው የተዘረጋው። ትናንት ነርሷ እንደነገረችኝ፣ አክስቴ ትራሷን ከፍ እንዲያደርጉላት ጠይቃ፣ ሥዕሉን ስታይ ቆየችና “አያችሁ፣ አልተቆጣችኝም፤ ትስቅልኛለች” አለች። ከዚያ ወዲህ እኔንም ያንን ጥያቄ አልጠየቀችኝም። ስለዚህ ባነሩ እስከ ፈለጋችሁበት ጊዜ ይቆይ፤ ጨለማውን ለምደነዋል። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የእናቴ የዓይኖቿ ሥዕል ያረፈው በትክክል በእኛ መስኮት ላይ ነው፤ ፈቃድዎ ቢሆን በዓይኖቿ ቦታ በመቀስ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ልክፈት፣ እሷም እህቷን ትያት። ቅናሹ የተጻፈበትን ቦታ አልነካም።