ከፊት ቁልፍ፣ ከኋላ በር

ውድ ወንድሜ፣

መልእክትህ ደርሶኛል። «እትዬ፣ ለአዲሱ ሳይት የሠራተኛ መሣሪያ ማስቀመጫ ልንገዛ ነው። የትኛው ዓይነት ይሻላል? አንቺ ሠራተኛውንም ሥራውንም ታውቂዋለሽ። ከተመቸሽም መጥተሽ የኤሌክትሪኩን ሥራ ያዢልኝ» ትላለህ። ደጋግሜ አነበብኩት። ከሰላምታው ቀጥሎ የመጣው ሳጥን ነው። አጎታችን እንዴት ናቸው የሚል ቃል ይኖር ይሆን ብዬ ከላይም ከታችም ፈለግሁ፤ የለም።

«ውድ» ብዬ የጀመርኩት እጄ ስለለመደ ነው። ሌላ ቃል ሞክሬ ነበር፤ ደብዳቤ መክፈቻ የሚሆን አልተገኘልኝም።

ስለ ሳጥኑ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ያለፈውን ሳጥን ነገር ስማኝ። ታውቀዋለህ፤ ከእኔ አፍ ግን ሰምተኸው አታውቅም። ያኔ ሰው ሁሉ ሲያወራ እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ሆዴ እምቢ አለኝ።

ፎርማን የሆንክ ዕለት አጎታችን ምን እንዳደረጉ ታስታውሳለህ? ቅንድባቸው ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ከላይ ወርደው፣ ያገኙትን ሁሉ እጁን እየጨበጡ «ልጄ ነው! ልጄ ነው!» ሲሉ ዋሉ። የወንድሜ ልጅ አላሉም። እናትና አባታችን በላይ በላዩ ሲሞቱብን ሁለታችንንም ከልጆቻቸው እኩል ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። አንተን መላጊያ አስያዙህ። እኔን «ይቺ ልጅ መሰላል አትፈራም» ብለው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ወዳጃቸው አስረከቡኝ። ዛሬ አንተም እኔም የምንኖረው በዚያ ሙያ ነው።

ሦስታችንም በሠራንበት በዚያ ሳይት ላይ ሁሉም መሣሪያውን በየመልኩ ነበር የሚይዘው። ለሳኙ ማንኪያውን በባልዲ፣ ቀለም ቀቢው ብሩሹን በዘይት ጣሳ። ቧንቧ ሠራተኛው ያ የብረት ሳጥኑ ነበረው፤ ሁለት ሰው ሆነው ደረጃውን ሲያወጡት «ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?» እያልን እንስቅበት ነበር። እኔ የሸራ ቦርሳዬ ነበረችኝ፤ መሰላል ላይ ቆሜ ዓይኔን ሽቦው ላይ እንዳደረግሁ እጄን ሰድጄ ፒንሳዬን የማገኝባት። አጎታችን ደግሞ ራሳቸው የሠሩት የእንጨት ሳጥን ነበራቸው። ለየመሮው ለየብቻው ማደሪያ አበጅተውለታል፤ ስለት ከስለት አይነካካም። ሠራተኛው «ጋሼ መሮ» ብሎ ስም ያወጣላቸው በዚያ ነው። ክዳኑን ሲዘጉት ወንበር ይሆናል፤ ምሳቸውን የሚበሉት እሱ ላይ ተቀምጠው ነው። ተዝረክርኮ ነበር? አዎ፣ ተዝረክርኮ ነበር። አልፎ አልፎም መዶሻ ይጠፋል፤ ሳይት ነውና።

ከዚያ ባለንብረቱ እንግዶች ይዞ ሊጎበኝ ነው ተባለ። አንተም ታች ሰብስበህን አንድ ሰማያዊ ሎከር አሳየኸን። «ከእንግዲህ የማንኛውም ሰው መሣሪያ እዚህ ይገባል። ወረፋ ይዞ መውሰድ፣ ወረፋ ይዞ መመለስ። ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል» አልክ። ከዚያም «አስተያየት ካላችሁ ተናገሩ» አልከን። ሰው የሚጠይቀው መልስ ሲፈልግ መስሎኝ እጄን አወጣሁ።

ሥራችን አንድ አይደለም፣ ከቧንቧ የወጣ እርጥብ መፍቻና የአናጺ መሮ አንድ መሳቢያ ውስጥ ቢያድሩ መሮው ጠዋት መሮ አይሆንም አልኩህ። ላይኛው ፎቅ የሚሠራ ሰው ለአንድ ካቻቢቴ ብሎ ያን ሁሉ ደረጃ አይወርድም፤ ከጓደኛው ይወስዳል፣ ያኔ ጠብ ይመጣል አልኩህ። «እትዬ፣ አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ታወሳስቢዋለሽ» ብለህ ሰዉን አሳቅህብኝ። እሱ ይሁን።

አጎታችን ተነስተው ሎከሩን በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉት። ዞረው ጀርባውን አዩት።

«ልጄ፣ ይሄ ስስ ላሜራ ነው። ጀርባውም አልተበየደም፤ በሪቬት ሚስማር ነው የተያዘው። ከፊት ቁልፍ፣ ከኋላ በር ማለት ነው።»

«አጎቴ፣ ጀርባው እኮ ወደ ግድግዳ ነው የሚዞረው! ማን ሊያየው ነው?»

«እኔም የምለው እሱን ነው» አሉ። ሰዉ ሳቀ። አንተ ግን አልገባህም፤ ወይም አልፈለግህም።

ሎከሮቹ መጡ። በአጥሩ በኩል ባለው ግድግዳ ጥግ ተደረደሩ፤ ሰማያዊ፣ እኩል፣ የሚያብረቀርቁ። እንግዶቹ ፊታቸው ቆመው ፎቶ ተነሱ። ባለንብረቱ ትከሻህን ቸብ ቸብ ሲያደርግህ ከመሰላሌ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ወንድሜ ነህና።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ለመሣሪያ እንደ ዳቦ ቤት ተሰለፍን። አጎታችን ብቻ ሳጥናቸውን አላስረክብም አሉ። «የኔ መሣሪያ ከኔ ጋር ይውላል፣ ከኔ ጋር ያድራል» አሉህ። አንተም ፊት ለፊት መግጠም ፈርተህ አለፍካቸው። ሰዉ ግን «ሕጉ ለዘመድ ይታጠፋል» ማለት ጀመረ፤ ያም ለአንተ እንደ እሾህ ነበር።

አንድ ጠዋት ሎከሮቹ ሲከፈቱ ግማሾቹ ባዶ ሆነው ተገኙ። የቧንቧ ሠራተኛው መፍቻዎች የሉም። የእኔ ቴስተርና ፒንሳዎች የሉም። ጓጉንቸሮቹ ግን እንደተቆለፉ ናቸው፤ ጭረት እንኳ የላቸውም። አንተ ያንን አይተህ «ሌባው ከመሃላችን ነው» አልክ። ጀርባውን ማየት አልመጣልህም። ማታ ስንወጣ ሁላችንም በር ላይ እንድንፈተሽ አዘዝክ። የባለንብረቱ ወኪልም መጥቶ ከጎንህ ቆመ።

ለሳኙ ባልዲውን ገለበጠ። እኔ ቦርሳዬን ዘረገፍኩ። ከዚያ አጎታችን ሳጥናቸውን በትከሻቸው አድርገው መጡ። ዘበኛው አፈረ፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ «ጋሼ ይለፉ» አላቸው።

«ክፈት!» አልክ።

ኋላ ለባለቤቴ «ለዘበኛው ነው ያልኩት» ብለህ ነግረኸዋል። ዓይንህ ግን ዘበኛው ላይ አልነበረም። በልጅነታችን እሳቸውን «አንተ» ብሎ የተናገረ ሰው ያንን ቤት ረግጦ አያውቅም። አንተ ያንን ቃል በቀን ሠራተኛው፣ በግንበኛው፣ በወኪሉ ፊት አወጣኸው።

አጎታችን ተንበርክከው ሳጥኑን መሬት ላይ አስቀመጡና መሣሪያቸውን እያንዳንዱን እያወጡ ሲሚንቶው ላይ ደረደሩ። መላጊያውን፣ መጋዙን፣ በጨርቅ የተጠቀለሉትን መሮዎች። ከሥር ውሃ ልክ የሚባለው መለኪያ ወጣ፤ የሳይቱ ንብረት መሆኑን የሚያሳየው ሰማያዊ ቀለም ያለበት። ወኪሉ ጎንበስ ብሎ አነሳው።

«ይሄስ የማን ነው?»

አጎታችን አንተን ቀና ብለው አዩህ። «ጠዋት ራስህ ነህ የሰጠኸኝ፣ ልጄ። የላይኛውን ፎቅ በሮች ያስተካክሉበት ብለህ።»

ወኪሉ ወደ አንተ ዞረ። ሰዉ ሁሉ ወደ አንተ ዞረ።

«አላስታውስም» አልክ።

እኔ ጮህኩ። «ስትሰጣቸው አጠገብህ ቆሜ ነበር!» አልኩ። ምን ብለህ እንደመለስክልኝ ታውቃለህ? «አንቺ ዘመድ ነሽ፤ ምስክርነትሽ አይቆጠርም።» አንተስ የማን ዘመድ ነህ፣ ወንድሜ? ከሰማይ ነው የወረድከው?

አጎታችን መሣሪያቸውን መልሰው፣ እያንዳንዱን በማደሪያው አስገብተው፣ ሳጥኑን ዘጉ። ሲነሱ ዘበኛው ደገፋቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለውት ወጡ። ያንን ቃል ያገኘው ዘበኛው ነው። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ አልመጡም።

አሁን እማላውቀው የሚመስልህን ልንገርህ። ብዙም ሳይቆይ ቀለም ቀቢው ግድግዳውን ሊቀባ ሎከሮቹን ሲያንቀሳቅስ የአንዱ ጀርባ እጁ ላይ ቀረ። የተዘረፉት ሁሉ ሪቬቶቻቸው አንድ በአንድ ተፈልፍለው ወጥተዋል፤ ላሜራቸው እንዲሁ ተደግፎ ነው የቆመው። ከኋላው ግድግዳው የሚያልቅበት ቦታ ላይ ደግሞ የአጥሩ ቆርቆሮ ሰው በሚያሾልክ ልክ ተቆርጧል። ሌባው ከውጭ ነበር። ቀለም ቀቢው ጠርቶህ አሳየህ። አንተ አየህና «በሪቬት መልሰህ ምታው፤ ግድግዳውም ቶሎ ይቀባ» አልከው። ለማንም አልተናገርክም። እሱ ግን ለእኔ ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ዓይኔን ማየት አልቻለም፤ ያጠፋ ይመስል።

ያኔ ስልክ ትደውላለህ ብዬ ጠበቅሁ። ከዛሬ ነገ ይሄዳል፣ በሩን ያንኳኳል፣ እግራቸው ላይ ይወድቃል አልኩ። አንተ ግን ሹመት አገኘህና ወደ አዲሱ ሳይት ሄድክ።

አጎታችን ሥራ የላቸውም። የሳይት ወሬ ከሲሚንቶ መኪና ይፈጥናል። «በር ላይ የተያዘው አናጺ» ነው የሚሏቸው፤ ምን ይዘው እንደተያዙ እንኳ የሚጠይቅ የለም። የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ሊያሠሩ የቀጠሯቸው ሴትዮ ሰው ልከው «ሐሳባችንን ቀይረናል» አሏቸው። ሚስታቸው «ጠዋት እንደ ድሮው ለብሶ ይቀመጣል፤ ከዚያ መልሶ ያወልቃል» አለችኝ። እሳቸውን ብትጠይቃቸው «ጉልበቴን አሞኝ ነው» ይሉሃል። ስምህን አንስተው አያውቁም፤ በክፉም በደግም።

መልእክትህ ሲመጣ ይዤው ሄድኩ። አልዋሽህም፤ አብረን ልንሰድብህ ነበር የፈለግሁት። አነበብኩላቸው። አገጫቸውን በእጃቸው ይዘው አዳመጡ።

«ስንት ፎቅ ነው?» አሉ።

«ምኑ?»

«አዲሱ ሕንፃ።»

«ምን አገባዎት? ይበለው! እንደፈለገ ይግዛ፤ ይሰረቅ!»

«ተይ» አሉኝ። «እሱ ሲሳሳት የሚፈተሸው ሌላ ሰው ነው።»

ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ከዚያ እሳቸው ነገሩኝ፤ እኔም እንዳሉት ጻፍኩልህ። አንድ ትልቅ ሎከር ለሁሉ አትግዛ። በየፎቁ፣ ሰዉ በሚሠራበት አጠገብ ወፍራም ላሜራ ያላቸው ሳጥኖች ይቀመጡ። ጀርባቸውና ጎናቸው የተበየደ ይሁን፤ የበሩ ማጠፊያ ከውስጥ ይሁን፤ ከወለሉ ጋር በቡሎን ይታሰሩ፤ ውሃ እንዳይገባባቸውም እግር ይኑራቸው። ውስጡ ለየሰዉ ይከፈል፤ ቁልፉም በየሰዉ እጅ ይሁን፤ ምክንያቱም የራሱን ቁልፍ የያዘ ሰው የሌላውን አይጠረጥርም። ስለት ያለው መሣሪያ ብቻውን ይደር። ቀን ቀን የሚያዝ ነገር ለየሙያው ይለያያል፤ መሰላል የሚወጣ ቦርሳና ቀበቶ፣ ውሃና ጭቃ የሚነካ የፕላስቲክ ሳጥን፣ አናጺ የወደደውን። ጎማ ያለው አምሮህ እንዳትገዛ፤ ደረጃ ላይና አሸዋ ላይ ጎማ ሸክም ነው። «የራሱን ሳጥን ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ደግሞ ተወው በይው» አሉ።

ምክሩ ይኸው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም፤ ብጨምርበት መርዝ ይሆን ነበር።

ለሥራው ጥሪህ መልሴ አልመጣም ነው። «ልጆች አሉሽ፤ ሂጂ» ብለውኛል አጎታችን። ልጆቼን ሌላ ቦታ ሠርቼ አሳድጋለሁ። መሰላል ላይ ስሆን ከታች የሚይዝልኝን ሰው ማመን አለብኝ፤ አንተ ከታች ከሆንክ አልወጣም።

ልወጣ ስል «ሰላም ብለዋል ልበለው?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ስለዚህ ሰላም አላሉህም፤ አልዋሽልህም። ይቅርታም ካለህ በእኔ በኩል አትላከው፤ አላደርስልህም። ቤቱን ታውቀዋለህ፤ ያደግክበት ነው። ቀን ሂድ፤ ሰው ሁሉ እያየህ ሂድ።

እህትህ