አንጓችን ፍለጋ

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ዛሬም አንጓች ቤት ሄድኩ፤ ዛሬም በሩ ዝግ ነው። ባሏ እርሻ ላይ ነበር። ከሩቅ ሲያየኝ በሬዎቹን አዙሮ ጀርባውን ሰጠኝ። ባለፈው ዓመት ስመጣ አንጓች ራሷ ነበረች በር ላይ የተቀበለችኝ። እሷን ስጠይቅ ሴት ልጇ ከጎን ሆና እየቀደመች ትመልስልኝ ነበር።

ጥናቴ ሁለት ዙር ነው። ያንኑ ቤተሰብ ከዓመት በኋላ ተመልሶ መጠየቅ፤ ምን አገኙ፣ ምን አጡ፣ ማን ወጣ፣ ማን ቀረ። የዶክትሬት ጽሑፌ ርዕስ ራሱ ከጋይንት ገጠር ወደ ትንንሽ ከተሞች ስለሚወጡ ሰዎች ነው። እንደ አንጓች ከመንደሩ የወጡትን ሳላገኝ ስለ መውጣት ምን ልጽፍ ነው?

ከሰዓት በኋላ አማካሪዬ ደወሉ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፦ «ያላገኘሻቸውን አልተገኙም ብለሽ እለፊያቸው። ሰኔ መጨረሻ ረቂቁን ካላየሁ ዓመት ማቋረጥሽ ነው።» ክፉ ሰው አይደሉም። እውነታቸውንም ነው፤ ክረምቱ ከገባ እዚያ መንደር በእግርም አይደረስም። «አቤት» አልኩ እንጂ «እሺ» አላልኩም።

የሚቀረኝ፦ አንጓች። በእሷ መንደር ገና ያልጠየቅኳቸው ቤቶች። የልጄ የማኅሌት ክትባት። ሻማ፣ መብራት እንደገና ጠፍቷል።

ማኅሌትን የምትይዝልኝ እማዬ ናት። ለእኔ ብላ ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ንፋስ መውጫ ድረስ መጥታ በዚህች የኪራይ ክፍል ከእኔ ጋር ትንገላታለች። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ነበር። «አባትሽ የድጓ ዜማ ሊማር ቤተ ልሔም ደብር ሲመላለስ ያስመሰከረው ሸብቶ ነው» አለችኝ ዛሬ። «አንቺም የሱው ልጅ ነሽ።» ማበርታቷ ይሁን ማማረሯ አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

ገብርኤል ነው፤ የሚያርስ የለም፣ ሰው ቤቱ ነው። እማዬን ራሷን ስላመማት ማኅሌትን አዝዬ ሄድኩ። እስከ ዳገቱ ሥር በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ነፋሱ ነጠላዬን ሊነጥቀኝ ነበር።

የአንጓች ጎረቤት እትዬ የሻረግ ከዚህ በፊት «እኔ ምን አውቃለሁ» ብለው የመለሱኝ ናቸው። ዛሬ ልጄን ሲያዩ ገና ሳልቀመጥ ከጀርባዬ ተቀብለው አቀፏት። እያወዛወዟት፣ እኔን ሳያዩ፣ «እንዲህ አዝለሽ መምጣትሽ ብርቱ ነገር ቢኖርሽ ነው» አሉ።

ነገርኳቸው። አንጓችን የምፈልጋት ልመልሳት እንዳልሆነ፣ የምትለውን ለማንም እንደማልናገር፣ ካልፈለገች ደግሞ እንደምተዋት።

«የት እንዳለች አልነግርሽም» አሉ። «ስልክሽን ስጪኝ። ከፈለገች እሷ ትደውላለች።»

ወደ ከተማ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። «ያቺ ጠያቂዋ ነሽ?» አለችኝ። የአንጓችን ድምፅ ወዲያው አወቅኩት። የት እንደምትጠብቀኝ ነገረችኝና «ብቻሽን ነይ» ብላ ዘጋችው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

አገኘኋት። ከተማው የትኛው እንደሆነ እዚህም ቢሆን አልጽፈውም።

ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ብሩህ ነው። ገበያ ዳር ላስቲክ አንጥፋ ሰልባጅ ልብስ ትሸጣለች። ደንበኛ ሲመጣ እያቋረጠች፣ ሲሄድ እየቀጠለች አወራችኝ።

«ባሌ አልመታኝም፤ እንዲያ ብለሽ እንዳትጽፊ» አለች መጀመሪያ። «ልጅቱን ለመዳር ቃል ሰጡ። ገና ስድስተኛ ክፍል ናት። እኔንም በእሷ ዕድሜ ነው የዳሩኝ። ባሌን ለመንኩት፤ ወንድሜ ቃሉን አያጥፍም አለኝ። ቃሉን የሰጠው ታላቅ ወንድሙ መልኬ ነው። ገበያ እወጣለሁ ብዬ ልጄን ይዤ ወጣሁ፤ አልተመለስኩም።»

«አማትሽስ?»

«እሳቸው ዝም አሉ። ከሁሉም የቆጨኝ የሳቸው ዝምታ ነው። እንደ እናቴ ነበሩ።»

መጠይቄ ላይ «የወጡበት ምክንያት» የሚል አለ። ምርጫዎቹን አነበብኩላት፦ የመሬት ጥበት፣ የዝናብ እጥረት፣ ሥራ ፍለጋ፣ ጋብቻ፣ ሌላ።

ሳቀች። «ከጋብቻ መሸሽ የሚል የለሽም?»

የለኝም። ምርጫዎቹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከመምህራን ፊት ቆሜ ተሟግቼላቸዋለሁ። ያነበብኳቸው ጽሑፎች ሁሉ ሰው የሚወጣው ከድህነት ነው ይላሉ። እሷ ግን ድሃ ሆና የወጣች አይደለችም፤ ወጥታ ነው ድሃ የሆነችው። ይህን ስጽፍ እጄ ይፈጥናል። ሌሎቹስ «ሥራ ፍለጋ» ያሉኝ? ያገኘኋቸውን ሁሉ ደግሜ መጠየቅ አለብኝ።

ልሄድ ስነሳ ልጅቱ ከትምህርት ቤት መጣች፣ ዩኒፎርም ለብሳ። አውቃኝ ሰላም አለችኝ። የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ሁለተኛ ወጥታለች። ቁመቷ እናቷን ሊያክል ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

መልኬ ዳገቱ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የአንጓች ባል ታላቅ ወንድም ብቻ አይደለም፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ነው።

«ትናንት አልመጣሽም» አለኝ። «የት ዋልሽ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«አግኝተሻታል።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የወንድሜ ቤት ፈርሷል። እናቴ እህል አይወርድላትም፤ የልጅ ልጄን እያለች ታነባለች። የት እንዳሉ ካወቅሽ መናገር ጽድቅ ነው።»

«አቶ መልኬ፣ አምና እርስዎን ስጠይቅ የሚሉኝን ለማንም አልናገርም ብዬ ነው። የእርስዎንም አልተናገርኩም። ስላገኘሁትም ስላላገኘሁትም ሰው አንዲት ቃል አይወጣኝም።»

አምና ምን እንደነገረኝ ሁለታችንም እናውቃለን። መሬት መሬት አየ።

«እንግዲያው ከዚህ በኋላ የማንም ቤት አትገቢም» አለ። «የፈቃድ ደብዳቤሽን ከወረዳ አሳድሰሽ ነይ።»

ቁልቁለቱን ስወርድ ተቆጥቼም ፈርቼም ነበር። ደግሞ የእናቱን ነገር ሲያነሳ እየዋሸ አልነበረም። ይኼ ነው የከበደኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ወረዳ ጽሕፈት ቤት ዋልኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። ከምሳ በኋላም ስብሰባ። በመጨረሻ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። ደብዳቤዬን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «ይኼ እኮ ገና ይሠራል። መታደስ አያስፈልገውም» አሉ። ለመልኬ ይደውሉልኝ እንደሆነ ጠየቅኩ። «ከሊቀመንበር ጋር ለምን እጣላለሁ? ፈቃደኛ የሆነውን ሰው ጠይቂ፣ ያልሆነውን ተይ።»

ቤት ገብቼ ጥቂት አለቀስኩ። ባለቤቴ ከባሕር ዳር ደውሎ «ከበቃሽ በቃሽ፤ ዓመቱን አቋርጪው፣ ልጃችን ከፍ ትበል» አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው። ግን ዓመት ካቋረጥኩ ዙሩ ይበላሻል፤ ዙሩ ከተበላሸ አምና የሰበሰብኩትም ከንቱ ነው። አላቋርጥም አልኩት። ስለው ራሴም አመንኩት።

ቆይቶ እትዬ የሻረግ ደወሉ። «መልኬ ቤታችን እንዳትገቢ አለ አሉ?»

«አዎ።»

«እኛ ቤትሽ እንዳንገባ ግን አላለም። ነገ ገበያ ነው። ቤትሽ በየት በኩል ነው?»

ቅዳሜ፣ ግንቦት 23

መጡ።

መጀመሪያ እትዬ የሻረግ፣ ድንቻቸውን ሸጠው ባዶ ጆንያ አጣጥፈው ይዘው። ከዚያ ሁለት ሴቶች። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ «እኔንም አምና ጠይቀሽኛል፤ ለምን ትዘይኛለሽ?» እያሉ። እማዬ አጎዛ አነጠፈች፣ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበች፣ ማኅሌትን ከአንዱ ጭን ወደ ሌላው አዘዋወረች። ለእያንዳንዱ እንደ አምናው ፈቃዱን ጠየቅኩ። ማንም እምቢ አላለም። «የወጡበት ምክንያት» ላይ ስደርስ ምርጫውን ማንበብ ተውኩ። «እንዴት ነው የወጣው? ንገሩኝ» ብቻ አልኩ። ምን ያህል ወሬ እንደወጣ! እስክሪብቶዬ አለቀ።

ሁሉም አልመጡም። የመልኬ ጎረቤቶች አልመጡም። አይፈረድባቸውም።

ገበያው ሲበተን አንዲት አሮጊት በዱላ ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። የአንጓች አማት፣ የመልኬ እናት፣ እማሆይ ብርሃን። ብድግ አልኩ። ከእማዬ ጎን ተቀመጡ። ድንቹን አልነኩም።

«እኔን የምትጠይቂኝ የለሽም» አሉ። «የምጠይቀው እኔ ነኝ። የት ናቸው አልልሽም። ለልጄ ብትነግሪው ኖሮ ባልመጣሁም ነበር፤ ስላልነገርሽው ነው የመጣሁት።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጅቱ ትማራለች?»

አላውቅም ብል ውሸት ነው። አዎ ብል ቃሌን ማፍረስ ነው። ዝም አልኩ። ዝምታዬም ለእኔው ክፉ ሆኖ ተሰማኝ። አንጓች ስለ እሳቸው ዝምታ ያለችው ትዝ አለኝ።

«ይሁን» አሉ። የማኅሌትን ግንባር ስመው ተነሱ። እማዬ እስከ መንገዱ ሸኘቻቸው፤ ምን እንዳወሩ አልነገረችኝም።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ከቅዳሴ መልስ አንጓች ጋ ደወልኩ። አማቷ የጠየቁትን እንዳለ ነገርኳት፤ ምንም እንዳልመለስኩላቸውም ነገርኳት።

በር ስትዘጋ ሰማኋት።

«ብቻቸውን መጡ?»

«ብቻቸውን።»

«በእግራቸው?»

«በዱላ ተደግፈው።»

በመጨረሻ፦ «ለእሳቸው ብቻ። ትማራለች በያቸው። ሁለተኛ ወጣች በያቸው። ሌላ ቃል እንዳትጨምሪ።»

ለአማካሪዬ ጠዋት ጽፌላቸው ነበር፤ የወጡትን እንደማልዘል፣ ያገኘኋቸውን ደግሜ እንደምጠይቅ፣ ለምን እንደሆነም። ኔትወርኩ መልሱን ያመጣው ቆይቶ ነው። «አንድ ምዕራፍ የሚሆን ነገር ይዘሻል። ሰኔ መጨረሻ ግን ያው ሰኔ መጨረሻ ነው።» ደጋግሜ አነበብኩት። ለእማዬም አነበብኩላት። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች፤ ምኑ እንደሆነ ሳይገባት።

ነገ መንደር እወጣለሁ። የማንም ቤት አልገባም፤ መልኬ እንዳለው። ግን የአንጓችን መልስ ለማድረስ እማሆይን ለብቻቸው ማግኘት አለብኝ፣ ቤታቸው ደግሞ የእሱ ግቢ ውስጥ ነው። የመንደሩ ምንጭ ጋ ልጠብቃቸው? ወይስ ቤተ ክርስቲያን ደጅ? መልኬ ዳገቱ ላይ ቢያስቆመኝ ምን እንደምለው አላወቅኩም። ሰማዩ በሲማዳ በኩል ጠቁሯል፤ ሊዘንብም ይችላል።

ጫማዬን አጥቤ በር ላይ አስጥቼዋለሁ። እስከ ጠዋት ይደርቃል።